ሰዓትን ከማሰሪያው ጋር የሚያገናኘው ፒን

የእጅ ሰዓት ከማሰሪያው ጋር የሚያያዘው በአብዛኛው በሁለት ቀጫጭን ፒኖች ነው። ከሰዓቱ አካል ከላይና ከታች ጥንድ ጥንድ ሆነው ወጣ ያሉ ቀንዶች አሉ፤ በየቀንዱ የውስጥ ገጽ ላይም ትንሽ ቀዳዳ አለ። ፒኑ ሞላ የተቀመጠበት ክፍት ዘንግ ነው። ጫፎቹ ሲጫኑ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ሲለቀቁ ሞላው ገፍቶ በየቀዳዳቸው ይሰካቸዋል። የማሰሪያውን ጉተታ የሚችለው ግን የፒኑ ብረት እንጂ ሞላው አይደለም። የሞላው ሥራ ጫፎቹ ከቀዳዳቸው እንዳያፈገፍጉ መያዝ ብቻ ነው።

ስለዚህ የፒኑ ልክ ወሳኝ ነው። በቀንዶቹ መካከል ያለው ስፋት ብዙ ጊዜ 18፣ 20 ወይም 22 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያጠረ ፒን የተያዘ ይመስላል እንጂ አልተያዘም፤ ለመውጣት ትንሽ ግጭት ይበቃዋል። ላብና ዝገትም ሞላውን ያዳክማሉ። ውድ ሰዓት ወድቆ የሚሰበረው አንዳንዴ በዚህ ርካሽ ዕቃ ምክንያት ነው።

አስተማማኝነት ሲፈለግ በብሎን የሚታሰር ወይም ከቀንዶቹ ጋር የተበየደ ዘንግ ይመረጣል። የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር በ1973 እ.ኤ.አ. ደረጃ ያወጣለት የናይሎን ማሰሪያ ደግሞ በሰዓቱ ሥር አልፎ በሁለቱም ዘንጎችና በሰዓቱ አካል መካከል ይሾልካል፤ አንዱ ቢለቅ እንኳ ሰዓቱ በሌላው ተንጠልጥሎ ይቀራል።