ለአንድ ዲስክ ሁለት መንገድ

ከሞጆ አቅጣጫ የመጣ የጭነት መኪና ቃሊቲ ጉምሩክ በር ላይ ደርሶ ሞተሩን ሲያጠፋ ጉዳዩ ከሾፌሩ እጅ ወጥቷል። ዲክላራሲዮኑን ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው ትራንዚተሩ ነው። «ሲስተም የለም» ከተባለ ዕቃው ያድራል፣ ወጪውም አብሮ ያድራል። ለዚህ መልስ ምክንያቱ አንዳንዴ መብራት ነው፣ አንዳንዴ ኔትወርክ። ከሁለቱም ጀርባ ግን ማንም ባለጉዳይ የማያየው ሌላ ነገር አለ፤ ሰርቨሩን መረጃው ከተቀመጠባቸው ዲስኮች ጋር የሚያገናኘው መንገድ።

የኢትዮጵያ ጉምሩክ ኢሲኤምኤስ ወደሚባለው የአሁኑ ሲስተም ከመሸጋገሩ በፊት ለብዙ ዓመታት የሠራው በተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ በተዘጋጀው አሲኩዳ ነበር። አሲኩዳ ፕላስ ፕላስ የሚባለው የዚያ ሶፍትዌር ትውልድ በዩኒክስ ሰርቨር ላይ እንዲሠራ የተነደፈ ነው። ዩኒክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ ተጀመረ። ከእሱም የአይቢኤሙ ኤአይኤክስ፣ የሰን ሶላሪስና የኤችፒው ኤችፒ-ዩኤክስ ወጡ። በዓለም ዙሪያ ባንኮች፣ ቴሌኮሞችና የጉምሩክ መሥሪያ ቤቶች ለአሥርተ ዓመታት የተማመኑት በእነዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ባሉ ተቋማት መረጃው ሰርቨሩ ውስጥ አይቀመጥም። ዲስኮቹ የራሳቸው ሳጥን አላቸው፤ ባለሙያዎቹ ስቶሬጅ ይሉታል። አንድ ስቶሬጅ ሁለት ሰርቨሮች ይጋሩታል። አንደኛው ቢወድቅ ሌላኛው ያንኑ ዳታቤዝ ከፍቶ ሥራውን ይቀጥላል፤ ይህ አደረጃጀት ክላስተር ይባላል። በሰርቨሩና በዲስኩ መካከል የፋይበር ካርድ፣ ገመድ፣ ስዊችና የስቶሬጁ ኮንትሮለር አሉ። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነጠላ ከሆነ፣ እሱ የተበላሸ ዕለት ደህና ሰርቨርና ደህና ዲስክ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ስለዚህ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ይሆናል። ቃሊቲን ከአዳማ የሚያገናኙትን መንገዶች የሚያውቅ ሰው ሐሳቡን በቀላሉ ይረዳዋል። የቆየው አስፋልት በአቃቂ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ በኩል ይሄዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ፈጣን መንገድ ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ ይነሳል። አንዱ ቢዘጋ መኪናው በሌላው ይመጣል። ሁለቱም መንገዶች የሚያልፉበት አንድ ድልድይ ቢኖር ግን፣ ድልድዩ የተሰበረ ቀን ሁለት መንገድ ነበረን ማለት ትርጉም የለውም። በሰርቨር ክፍልም በተግባር የሚያጋጥመው ይኸው ነው። ሁለቱ ገመዶች አንድ ስዊች ላይ ይሰካሉ፤ ወይም ሁለቱ ስዊቾች ከአንድ የኃይል መስመር ይመገባሉ። በወረቀት ላይ ሁለት የሆነው መሬት ላይ አንድ ነው።

ገመድ መዘርጋቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ከስም ጋር የተያያዘው ነው።

ሁለት ካርድና ሁለት ኮንትሮለር በሁለት ስዊች በኩል ሲገናኙ ሰርቨሩ ወደ አንድ ዲስክ አራት መንገድ ሊያገኝ ይችላል። የሚያስተባብረው ሶፍትዌር ከሌለ ያን አንድ ዲስክ እንደ አራት ዲስክ ይቆጥረዋል። ያላወቀ ባለሙያ አንዱን «ባዶ ዲስክ» ብሎ ፎርማት ቢያደርገው በሌላ ስም እየሠራ ያለውን ዳታቤዝ አጠፋ ማለት ነው። መልቲፓዝ የሚባለው ሶፍትዌር ይህን ይከላከላል። የዲስኩን የማይለወጥ መለያ ቁጥር ያነባል፣ አራቱን መንገዶች በአንድ ስም ሥር ይሰበስባል፣ አንዱ ሲሞት ሥራውን ወደ ቀሪዎቹ ያዞራል።

መልቲፓዝን የማዘጋጀቱ ሥራ ብዙ ጊዜ ከኦፐሬቲንግ ሲስተም ማሻሻያ ጋር አንድ ላይ የሚመጣውም በዚሁ የስም ጉዳይ ምክንያት ነው። ኤአይኤክስ መልቲፓዝን በራሱ ውስጥ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው 5.2 ነው። ኤችፒ-ዩኤክስ እስከ እ.ኤ.አ. 2007 ድረስ ዲስክን የሚጠራው በመንገዱ ነበር፤ ሲ4ቲ0ዲ1 ሲል የካርዱን፣ የኮንትሮለሩንና የዲስኩን ተራ መናገሩ ነው። ካርዱ ቦታ ከቀየረ የዲስኩ ስም ተለወጠ ማለት ነው። በዚያ ዓመት የወጣው 11አይ ቪ3 ለዲስኩ ከመንገዱ ነፃ የሆነ ስም ሰጠው፤ አሮጌዎቹንም ስሞች ለጊዜው እንዲሠሩ ተዋቸው። ሶላሪስ ላይ መልቲፓዝ ሲበራ የዲስኮቹ ስም ይለወጣል፣ ሰርቨሩም እንደገና መነሳት አለበት። ሰርቨሩ ለማሻሻያው መቆሙ ካልቀረ ስሙም መንገዱም በዚያው ሌሊት ቢስተካከል ይመረጣል።

የተጋራ ዲስክ ሲሆን ጥንቃቄው በእጥፍ ይጨምራል። በክላስተር ውስጥ ሁለቱ ሰርቨሮች ሳይግባቡ አንድ ዲስክ ላይ እኩል ከጻፉ መረጃው ይበላሻል። ይህን ለመከላከል አንደኛው ሰርቨር ዲስኩ ላይ የባለቤትነት ምዝገባ ያስቀምጣል። ምዝገባው የሚያዘው በየመንገዱ ነውና አዲስ የተጨመረው መንገድ ካልተመዘገበ፣ በችግር ሰዓት ሥራው ወደዚያ ሲዞር ስቶሬጁ «አላውቅህም» ብሎ ይመልሰዋል። የክላስተሩ የማዋቀሪያ ፋይል ላይ በአሮጌ ስም የተጻፈ ዲስክ መቅረቱም ያው ነው፤ ስሕተቱ የሚታየው ሰርቨሩ የወደቀ ዕለት ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል ከዚህ ይመነጫል። መጀመሪያ ባክአፕ ይወሰዳል፤ ተመልሶ መነበቡም ይረጋገጣል። የትኛው ዲስክ የትኛው የዳታቤዝ ክፍል እንደሆነ በመለያ ቁጥሩ ይመዘገባል፤ በስሙ የተመዘገበ ዝርዝር በማግስቱ አይረዳም። ከዚያ ሥራው ወደ አንደኛው ሰርቨር ይዛወርና ሌላኛው ይሻሻላል። የተሻሻለው ሰርቨር ዲስኮቹን በሁሉም መንገድ ማየቱ ከተረጋገጠ በኋላ ተራው ይለወጣል።

የማሻሻያ ሌሊት ለምን እንደሚፈራ የኢትዮጵያ ባንኮች ደንበኞች አይተዋል። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሰዎች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ እንዲያወጡ ፈቅዶ አደረ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና ፍተሻ ሥራ ላይ እንደሆነ፣ ንግድ ባንኩም የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገለጹ። የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። በመግለጫዎቹ የዲስክ መንገድ አልተነሳም፤ ይሁንና የሚሊዮኖች ሒሳብ ያለበትን ሲስተም መንካት ምን ያህል ኃላፊነት እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማሳያ አገሪቱ የላትም።

ሥራው አለቀ የሚባለው ገመዱ ሲነቀል ነው። ባለሙያው ዳታቤዙ እየሠራ እያለ አንዱን ፋይበር ሆን ብሎ ይነቅላል፤ ሥራው ለጥቂት ሰከንዶች ይንገራገጭና መቀጠል አለበት። እዚህ የጊዜ ገደቦቹ ወሳኝ ናቸው። ለምሳሌ ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከዲስክ መልስ እስኪመጣ በተለምዶ 30 ሰከንድ ይጠብቃል። በላዩ ያለው ክላስተር ከዚያ ያነሰ ትዕግሥት ከተሰጠው፣ መንገዱ እስኪዞር ሳይጠብቅ ደህናውን ሰርቨር ሞቷል ብሎ ያወርደዋል። የተነቀለው ገመድ ሲመለስ ደግሞ መንገዱ መልሶ መነሳቱ መታየት አለበት። ሳይነሳ ቢቀር ተጠቃሚው ምንም አይሰማውም፤ ሲስተሙ በቀረው አንድ ገመድ ለወራት ይሠራል፤ የሚከታተል ሰው ከሌለ ሁለተኛው ብልሽት እስኪመጣ ማንም አያውቅም።

ለኤችፒ-ዩኤክስ 11አይ ቪ3 የአምራቹ መደበኛ ድጋፍ የተወሰነለት እስከ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ድረስ ነበር። በእሱ ላይ የቆዩ ተቋማት ብዙዎቹ ወደ ሊኑክስ ይሄዳሉ። እዚያም መልቲፓዝ አለ፣ ነገር ግን የዲስክ አሰያየሙ፣ የማዋቀሪያ ፋይሉና የጊዜ ገደቦቹ የተለዩ ናቸው። ስለዚህ የዲስኮቹ ዝርዝር እንደገና በመለያ ቁጥር ይጻፋል፤ ገመዱም እንደገና ይነቀላል።