የመኪና ቀበቶና የሆድ ከረጢት

የመስቀል በዓል በቀረበ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ አገር የሚወስዱት ሁለቱ መንገዶች በተጓዥ ይሞላሉ። መንገዶቹ ዓለም ገና ላይ ይለያያሉ፤ አንደኛው በሰበታ፥ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አልፎ ወልቂጤ ይገባል፤ ሁለተኛው በመልካ ቁንጡሬ፥ በጢያና በቡኢ አድርጎ ቡታጅራ ይደርሳል። የዘቢዳር ተራራ በሁለቱ ከተሞች መካከል ቆሞ አንዱን በምዕራብ፥ ሌላውን በምሥራቅ ያስቀምጣቸዋል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች በንግድ ያገኙትን ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት ማቋቋማቸውና ከወልቂጤ ወደ ውስጥ የሚዘልቀውን መንገድ ማሠራታቸው የታወቀ ነው። ይህን ያህል የደከሙበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ለጉራጌ ሰው በመስቀል ከአባቱ ቤት መጉደል ቀላል ነገር አይደለምና።

ይሁን እንጂ በየዓመቱ ከዚህ ጉዞ የሚቀሩ ሰዎች አሉ። ከእነርሱም መካከል የገንዘብ ችግር ወይም የሥራ ብዛት ያስቀራቸው እንዳሉ ሁሉ፥ ምክንያታቸውን ለቤተ ሰብ እንኳ ገልጠው የማይናገሩ ይገኛሉ። እነዚህ በሆድ ዕቃቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፥ ዓይነ ምድራቸው ወይም ሽንታቸው በሆዳቸው ላይ በተከፈተ መውጫ በኩል ወደ ከረጢት የሚወርድላቸው ሰዎች ናቸው። ሐኪሞች መውጫውን ስቶማ ይሉታል፤ ከትልቁ አንጀት የወጣ ሲሆን ኮሎስቶሚ፥ ከትንሹ አንጀት የወጣ ሲሆን ኢሊዮስቶሚ፥ ለሽንት የተሠራ ሲሆን ዩሮስቶሚ ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው መኪና ለመሳፈር ሲያስብ አስቀድሞ የሚያስፈራው የመቀመጫው ቀበቶ ነው። «ሆዴን ይጫነኛል፤ ከረጢቱ ይፈነዳል፤ በሰው መካከል አፍራለሁ» ይላል። ስለዚህ ወይ ከቤቱ ይቀራል፥ ወይም ቀበቶውን ሳያስር ይሄዳል፤ አንዳንዱም ለትራፊክ ፖሊስ ዓይን ብቻ ብሎ ደረቱ ላይ ጣል ያደርገዋል። ይህ ሁሉ የማያስፈልግ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንወዳለን።

ነገሩ በአገራችን እንግዳ አይደለም። የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ሰውን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ከሚያደርሱት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ሐኪሙ የተጠማዘዘው አንጀት ሞቶ ያገኘው እንደ ሆነ፥ የሞተውን ቈርጦ ያወጣና ብዙ ጊዜ ጤነኛውን ጫፍ ወደ ሆድ ላይ አውጥቶ ይሰፋዋል። ካንሰርም፥ አንጀትን የበሳ ታይፎይድም፥ ጥይትም፥ የመኪና አደጋ ራሱም ወደዚህ ያደርሳሉ። ፊንጢጣቸው ሳይከፈት የሚወለዱ ሕፃናትም እስኪስተካከልላቸው ድረስ ስቶማ ይሠራላቸዋል። ለብዙዎች ጊዜያዊ ነው፤ ከወራት በኋላ ይዘጋል። ለሌሎች ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚኖር ነው።

ስለ ከረጢቱ አመጣጥ አንድ ነገር ማንሣት ይገባናል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1954 ኤሊሰ ሶረንሰን የምትባል የዴንማርክ አገር ነርስ ነበረች። እኅቷ ቶራ ስቶማ ከተሠራላት በኋላ «ይፈስብኛል» እያለች ከቤት መውጣት ፈራች። ነርሷም ቆዳ ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ከረጢት አሰበችላት። የፕላስቲክ ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ኦገ ሉዊስ ሀንሰን አሳቡን በመጀመሪያ አልተቀበለውም ነበር፤ ነርስ የነበረችው ባለቤቱ ግን አግባብታው ሥራው ተጀመረ። እንግዲህ ከረጢቱ ከመጀመሪያው የታሰበው ሰው ከቤቱ ወጥቶ ከሰው ጋር እንዲውል ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1959 ደግሞ በጎረቤት አገር በስዊድን፥ የቮልቮ ፋብሪካ መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ዛሬ በየመኪናው የምናየውን፥ በሦስት ቦታ የሚያያዘውን ቀበቶ ሠራ፤ ፋብሪካውም ሌሎች መኪና ሠሪዎች ሁሉ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር በመኪና አደጋ የመሞትን ዕድል እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል። በእኛም አገር በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ቀበቶ ማሰርን አዝዟል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ቀበቶው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ከትከሻ ተነሥቶ በደረት ላይ በሰያፍ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ከዳሌ ወደ ዳሌ ይሻገራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛው ላይ ነው። ይህ ክፍል የተሠራው ሆድን እንዲይዝ አይደለም፤ ጭን ከሆድ ጋር በሚገናኝበት ዝቅ ብሎ ሁለቱን የዳሌ አጥንቶች እንዲይዝ ነው። በሆድ ለስላሳ ክፍል ላይ ከወጣ በግጭት ጊዜ የጤነኛውንም ሰው አንጀት ይጐዳል። ስቶማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከእምብርት ጥቂት ዝቅ ብሎ፥ ቀበቶው ሊያርፍበት ከሚገባው ስፍራ ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ቀበቶው እንደ ሥርዐቱ ከታሰረ አብዛኛውን ጊዜ ከስቶማው በታች ያልፋል። «ቀበቶው ከረጢቴን ተጫነኝ» የሚለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ቀበቶው ወደ ሆዱ ወጥቶ እንደ ሆነ ነው።

አስተሳሰሩም እንዲህ ነው። ወገብን ከመደገፊያው ጋር አጋጥሞ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፤ ታችኛውን ክፍል በሁለት እጅ ወደ ጭን ዝቅ ማድረግ፤ ከዚያ የትከሻውን ክፍል ወደ ላይ ስቦ የላላውን ማጥበቅ። መደገፊያውን አጋድሞ መተኛት ለሕመምተኛ የሚያሳርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን በግጭት ጊዜ ሰውነት ከቀበቶው ሥር ሾልኮ ስለሚንሸራተት ቀበቶው ቀጥታ ሆድ ላይ ይወጣል።

በሰያፍ የሚወርደው ክፍል ግን የታችኛው ጫፉ የሆድን አንዱን ጐን መንካቱ አይቀርም። የትኛውን ጐን እንደሚነካ የሚወስነው የመቀመጫው ስፍራ ነው። በመኪናው ግራ በኩል የተቀመጠ ሰው ቀበቶው ከግራ ትከሻው ወደ ቀኝ ዳሌው ይወርድበታል፤ በቀኝ በኩል የተቀመጠ ደግሞ ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ ዳሌው። ኢሊዮስቶሚና ዩሮስቶሚ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ፥ የታችኛው ትልቅ አንጀት ኮሎስቶሚ በግራ ስለሚሠሩ፥ ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ ከረጢቱ በቀኝ ያለ ሰው በመኪናው ቀኝ፥ ከረጢቱ በግራ ያለ ሰው በመኪናው ግራ ቢቀመጥ ሰያፉ ከከረጢቱ ይርቅለታል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ለሕመምተኛው አስቀድሞ የሚነግረው ሰው አለመገኘቱ ያስገርማል።

አለባበስም ሊታሰብበት ይገባል። ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት ተደርቦ በላዩ ቀበቶ ቢታሰር የጠበቀ ይመስላል እንጂ በውስጡ ላልቷል። ስለዚህ ቀበቶውን በቀሚሱ ወይም በሸሚዙ ላይ አስሮ ጋቢውን ከላይ መደረብ ይሻላል፤ ለብርዱም፥ ከረጢቱን ከሰው ዓይን ለመሰወርም ይጠቅማል። ሴቶች የመቀነታቸው ቋጠሮ ስቶማው ላይ እንዳያርፍ ወደ ሌላው ጐን ያዙሩት። ወንዶችም የሱሪ ቀበቶአቸው ዘለበት ከረጢቱ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ለጉዞው ቀን በትከሻ የሚያዝ የሱሪ ማንጠልጠያ ቢያደርጉ መልካም ነው። በእኛ አስተያየት ብዙውን ጊዜ በመኪናው ቀበቶ ላይ የሚነገረው ስሞታ የሱሪው ቀበቶ ጥፋት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚፈገፍግ ከሆነ፥ ለስላሳ ጨርቅ ወይም ስስ የበግ ቆዳ ቀበቶው በሚነካበት ስፍራ እንደ እጅጌ አድርጎ ማልበስ ይቻላል፤ ማንኛውም ልብስ ሰፊ በጥቂት ጊዜ ይሠራዋል። ስስ መሆኑን ግን አጥብቀን እናሳስባለን። ትራስ ወይም ወፍራም ስፖንጅ በሆድና በቀበቶ መካከል ማስገባት፥ ቀበቶውን በመርፌ ቁልፍ ወይም በመቆንጠጫ አላልቶ ማሰር፥ በብብት ሥር ወይም በጀርባ ማሳለፍ አይገባም፤ ቀበቶው በሚያስፈልግበት በዚያች ቅጽበት ሥራውን እንዳይሠራ ያደርጉታልና። ስቶማውን የሚከልል ጠንካራ ነገር ማድረግ የሚፈልግም አስቀድሞ ቀዶ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ስለ ከረጢቱ ራሱ፥ ከመሳፈር በፊት ማፍሰስ፥ በመንገድም ሲሶው ያህል በሞላ ጊዜ ማፍሰስ ይገባል። ከረጢቱን የሚያላቅቀው ከቀበቶው ይልቅ መሙላቱ ነው። በወልቂጤ መንገድ ወሊሶ፥ በቡታጅራ መንገድ ቡኢ ለዚህ የሚመቹ ማረፊያዎች ናቸው። ትርፍ ከረጢት፥ ውኃ የያዘ ጠርሙስ፥ ለስላሳ ጨርቅና የሚጣለውን መቋጠሪያ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ አድርጎ ከጉልበት ሳይርቅ መያዝ እንጂ በመኪናው ጣራ ላይ ከሻንጣ ጋር መጫን ከንቱ ነው። ባቄላ፥ ጥቅል ጎመን፥ ሽንኩርትና ለስላሳ መጠጥ ነፋስ ስለሚያበዙ በዋዜማው ቢቀነሱ ይሻላል። መጠጥን ሁሉ ግን አይተዉ። በተለይ ኢሊዮስቶሚ ያለው ሰው ብዙ ውኃና ጨው ከሰውነቱ ስለሚወጣ፥ «መንገድ ላይ እንዳልቸገር» ብሎ ውኃ ሳይጠጣ ቢሳፈር ሊታመም ይችላል። ተለጣፊው ከረጢት በቀላሉ የማይገኝ ወይም ዋጋው የማይቀመስ ስለሚሆን ፌስታል በጨርቅ አስረው የሚጠቀሙ አሉ። የእነርሱ ከረጢት ከቦታው በቀላሉ ስለሚንሸራተት ገንዘቡ ለሁልጊዜ ባይበቃ እንኳ ለጉዞው ቀን አንድ ተለጣፊ ከረጢት ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

ሚኒባስን በሚመለከት ችግሩ ሌላ ነው። በብዙዎቹ ቀበቶ የሚገኘው በፊተኛው መቀመጫ ብቻ ነው። ከረጢቱ በቀኝ ላለ ሰው በቀኙ በር አጠገብ ያለው የፊት መቀመጫ በሁሉም ረገድ የሚስማማ ነው። በግራ ላለበት ሰው ሰያፉ ስለሚነካው የጨርቁ እጅጌ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን በመስቀል ሰሞን ፊት ለፊት መቀመጥ የሁሉም ምኞት ስለ ሆነ፥ ሕመምተኛው አፍሮ ዝም ካለ ወደ ኋላ መገፋቱ አይቀርም። በመርካቶ የሚነግዱ አንድ የምናውቃቸው አባት ሦስት መስቀል ከአገራቸው ከቀሩ በኋላ የልጃቸው ሚስት ነገሩን ደርሳበት፥ መናኸሪያ ድረስ አብራቸው ሄዳ ረዳቱን «ወንድሜ፥ አባባ የሆድ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ናቸው፤ ፊት ይቀመጡ፤ ወሊሶ ላይ አሥር ደቂቃ ቆሙላቸው» አለችው። ረዳቱም «ይግቡ፥ አባባ» ብሎ በሩን ከፈተላቸው። ከዚህ በላይ ዝርዝር የጠየቃቸው የለም። ሦስት ዓመት ያስቀራቸው ነገር በሁለት ዐረፍተ ነገር ማለቁን ሲያወሩልን ይሥቃሉ፤ እኛ ግን እነዚያ ሦስት ዓመታት ያሳዝኑናል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ቁስሉ ገና ስለ ሆነ፥ ከአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳም ሆነ ከወልቂጤ አጠገብ ካለው ከአጣጥ ወይም ከቡታጅራ ሆስፒታል የሚወጣ ሰው ስለ ጉዞው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይነሣ። መኪና መንዳት ብዙውን ጊዜ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ይከለከላል፤ ተሳፍሮ መሄድ ቢፈቀድም ቀበቶው አይቀርም። በእንግሊዝ አገር ሐኪም በቂ ምክንያት ሲያገኝ ከቀበቶ ነጻ የሚያደርግ ወረቀት የሚሰጥበት ሕግ አለ። ወረቀቱ ከቅጣት ያድናል፤ ከመኪናው መስተዋት ጋር ከመጋጨት ግን አያድንም። ስቶማ ያለው ሕፃን የያዘች እናትም ልጁን በጀርባዋ ስታዝል ሆዱ እንደሚጫን አስባ፥ በመኪና ውስጥ ለልጅ የተሠራ መቀመጫ ከተገኘ በዚያ ታስቀምጠው፤ ማሰሪያውም እንደ ትልቅ ሰው ከስቶማው በታችና በትከሻዎቹ ላይ ይለፍ።

ከመኪና እንደ ወረዱ ስቶማውን ማየት ያስፈልጋል። ስቶማ ሕመም የሚያስታውቅ ሕዋስ ስለሌለው ቢጐዳም ላያሳምም ይችላልና በዓይን መመርመር ግድ ነው። ቀይና እርጥብ ከሆነ ጤናማ ነው፤ ሲነካ ጥቂት ቢደማም አያስደነግጥም። ጠቁሮ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ከታየ፥ ወይም ደሙ አልቆም ካለ ግን በዓሉን ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። በመልሱ ጉዞ ደግሞ ቆጮውና ቅቤው ተጭኖ መምጣቱ ልማድ ስለ ሆነ፥ ጭነቱን ወደ መኪናው የሚያነሣው ከቤቱ ወጣቶች አንዱ ይሁን፤ ከባድ ዕቃ ማንሣት በስቶማው ዙሪያ ሆድ ዕቃን ወደ ውጭ ይገፋልና።