የከተማ ምሽትንና የዱር አዳርን አጣምሮ መጓዝ፦ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ለሚጓዙ ዜጎች የቀረበ ማብራሪያ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬንና እንጅባራን አቋርጦ ያልፋል። ቡሬ ከአዲስ አበባ 410 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ሲሆን፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚያመራው መንገድም ከዚህችው ከተማ ይነሣል። በዚህ መስመር የሚጓዙ ጓደኛሞች አንዱ የከተማ ጨዋታና ሙዚቃ ሲመርጥ፣ ሌላው በድንኳን ማደር ሊሻ ይችላል። ሁለቱን ፍላጎቶች በአንድ ጉዞ ማስተናገድ ይቻላል፤ የሚወስነው የቀናቱ ቅደም ተከተል ነው።

የጉዞ ቀናት አደላደል

የወረዳና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች አገልግሎት የሚሰጡት በሥራ ቀናትና ሰዓታት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ድንኳን ለመትከል ያሰቡ ተጓዦች ዓርብ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ከተማ ቢደርሱ ይመረጣል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለማደር ያሰቡበትን ሥፍራ ለሚመለከተው የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቃሉ፤ ምሽቱን በከተማ ያሳልፋሉ። ቅዳሜ በቂ እንቅልፍ ካገኙ በኋላ ወደ ሥፍራው ተጉዘው ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳናቸውን ይተክላሉ። እሑድ ወደ ከተማ ተመልሰው ያርፋሉ።

የረጅም ርቀት አውቶቡሶች አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ስለሚነሡ፣ በመመለሻው ዋዜማ አምሽቶ መቆየት አይመከርም። ተጓዦች ከመነሣታቸው በፊትም የመንገዱንና የአካባቢውን የሰላምና ጸጥታ ሁኔታ ከወረዳው አስተዳደርና ከፖሊስ ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ሁኔታው አስተማማኝ ካልሆነ ጉዞውን ማስተላለፍ ተገቢ ነው።

በከተማ የሚያሳልፉት ምሽት

በአካባቢው ከተሞች የሚገኙ ሆቴሎች እንግዳን የሚመዘግቡት መታወቂያ አይተው ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ ተጓዥ የታደሰ መታወቂያውን ይዞ መንቀሳቀስ አለበት። አዝማሪ በሚጫወትባቸው ቤቶች እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆ አጅቦ ይደግመዋል፤ እንግዳውም ሽልማት ይሰጣል። አዝማሪ እንግዳን በግጥም ቢነካ እንደ ጨዋታ ይወሰዳል እንጂ እንደ ስድብ አይቆጠርም። ለሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብርም አስቀድሞ ማዘጋጀት ይጠቅማል።

በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ የተከለከለ ነው። ሲጋራ ማጨስም በመጠጥ ቤት፣ በምግብ ቤትና በምሽት ክበብ ውስጥ አይፈቀድም። የቤት አረቄ ከቢራና ከጠጅ እጅግ የበረታ ስለሆነ፣ ያልለመደው ሰው መጠንቀቅ ይገባዋል። በመኪና የሚጓዙ ጓደኛሞች በማግስቱ የሚያሽከረክረው ማን እንደሆነ ከምሽቱ በፊት ይወስኑ። የሚያሽከረክረው ሰው አይጠጣም። ከጠጡ በኋላ በሌሊት ወደ ድንኳን ሥፍራ መሄድም ለአደጋ ያጋልጣል፤ በጨለማ ገደሉም፣ ውኃውም፣ መንገዱም አይለይምና።

ለአዳር የሚመረጡ ሥፍራዎች

ከቡሬ በስተሰሜን በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በእንጅባራ አቅራቢያ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረና በደን የተከበበ ነው። ዳርቻው ቀጥ ያለ፣ ውኃውም እጅግ ጥልቅ ስለሆነ መዋኘት አደገኛ ነው። ድንኳንም ከዳርቻው ራቅ ተደርጎ ይተከላል። ጥር 23 በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ስለሚከበር፣ በዚያ ሰሞን የሚሄዱ ተጓዦች መኝታ ቀደም ብለው ሊይዙ ይገባል።

በምዕራብ ጎጃም ሰከላ ወረዳ የሚገኘው ግሽ ዓባይ የግልገል ዓባይ ምንጭ ነው። ሥፍራው የተቀደሰ ጠበል በመሆኑ ጎብኚዎች የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ጠይቀው ያከብራሉ። ድንኳንም በምንጩ አጠገብ ሳይሆን ነዋሪዎች በሚያመለክቱት ቦታ ይተክላሉ።

በዱር አዳር ጊዜ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

1. ክፍት የሚመስል መስክ ሁሉ ባለቤት አለው፤ የገበሬ ማሳ ወይም የወል ግጦሽ ነው። በቀበሌው በኩል ሳይተዋወቁ በመሸ ጊዜ ድንኳን የሚተክሉ እንግዶች ነዋሪውን ያሳስባሉ፤ ራሳቸውንም ለአደጋ ያጋልጣሉ። ከአካባቢው ሰው አስጎብኚና የሌሊት ጠባቂ መያዝ፣ ክፍያውንም አስቀድሞ መስማማት ይበጃል።
2. ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ስለሚከብድ ለድንኳን አዳር የሚመቸው በጋው ነው። ይሁን እንጂ የደጋው ሌሊት በበጋም ብርቱ ብርድ ስላለው ወፍራም ልብስና ብርድ ልብስ ያስፈልጋል።
3. በኅዳርና በታኅሣሥ ሰብል በማሳና በአውድማ ላይ ስለሚገኝ፣ በአቅራቢያው እሳት ማንደድ የአንድን ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ሊያጠፋ ይችላል። በደን ውስጥም እሳት አይነድም። ምግብ በምድጃ የሚያበስሉም ቢሆኑ ፍሙን በውኃ አጥፍተው ይነሣሉ።
4. ጅብ የምግብ ሽታ ስለሚስበው ሥጋና ትራፊ ድንኳን ውስጥም ሆነ ደጃፉ ላይ አይተውም። ቆሻሻም ተሰብስቦ ወደ ከተማ ይመለሳል።
5. ሁለቱ ጓደኛሞች በሌሊት አይለያዩም። የሚያድሩበትን ሥፍራና የሚመለሱበትን ሰዓት ለሆቴሉና ለአንድ የቤተሰብ አባል ይነግራሉ። ስልካቸውንም ከተማ ሳሉ ሞልተው ይወጣሉ።

ድንገተኛ ችግር ሲያጋጥም

የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ይሁንና አምቡላንስ ወደ ገጠር ለመድረስ ጊዜ ስለሚወስድበት፣ ተጓዦች የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ ቁሳቁስ መያዝ፣ የቅርቡን ጤና ጣቢያና የወረዳውን ፖሊስ ስልክ ዓርብ ዕለት መዝግበው መውጣት ይኖርባቸዋል። ተጨማሪ መረጃ የሚሹ ዜጎች በሚያርፉበት ወረዳ ወይም ከተማ ወደሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቀርበው መጠየቅ ይችላሉ።