ኪኒን መዋጥ እምነት ማጣት ነው?

«በእግዚአብሔር ታምኜ መድኃኒቱን ተውኩት» የሚል ቃል በጠበል ቦታም በጸሎት ቤትም ሰምቻለሁ። የሚናገሩት ሰዎች እምነታቸው እውነተኛ ነው፤ ጥፋቱ ያለው እንዲህ ብለው ባስተማሯቸው ሰዎች ዘንድ ነው። ስለ እግዚአብሔር መግቦት ከሚነገሩ ስሕተቶች ሁሉ እንደዚህ ሰው የሚቀጥፍ ስለማላውቅ በእሱ ልጀምር።

ተረት፦ የሚያምን ሰው መድኃኒት አይወስድም

እውነታ፦ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እየወሰደች ለዓመታት በደህና ሠርታ ልጆቿን ያሳደገች ጎረቤት ነበረችን። አንድ ቀን የምርመራ ውጤቷ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንደማይታይ አሳየ። «ድነሻል፤ ከዚህ በኋላ መዋጥ ፈውስሽን መካድ ነው» አሏትና ኪኒኗን በሰው ፊት አስጣሏት፤ እልል ተባለ። በዓመቱ አልጋ ላይ ስትወድቅ እልል ካሉት አንድም አላስታመማት። ቀበርናት።

«ቫይረሱ አልታየም» ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ይገታዋል፤ በሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን ግን አያጠፋውም። ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይራባል። አንዴ እየዋጡ አንዴ ሲተዉት ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለማመድና የሚሠራው መድኃኒት እንዳይሠራ ያደርገዋል።

መድኃኒትን መተው እምነት ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን ከባዶ አልተነሳም። መድኃኒቱ በሀገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቤተሰብ ያገለለውን ብዙ ሕመምተኛ የተቀበሉት እንደ እንጦጦ ማርያም ያሉ የጠበል ቦታዎች ናቸው። እግዚአብሔር ያለ መድኃኒት አይፈውስም ብዬም አልከራከርም። አንዱን ወዲያው የሚፈውስበትን፣ ሌላውን ዕድሜ ልኩን በኪኒን የሚያኖርበትን ምክንያት አላውቅም። «ጣሉ» የሚሉትም አያውቁም፤ የሚያውቁ መስለው መናገራቸው ነው የሚያናድደኝ።

መጽሐፍም አያግዛቸውም። ንጉሥ ሕዝቅያስ 15 ዓመት እንደሚጨመርለት ከእግዚአብሔር ቃል ከተሰጠው በኋላ እንኳ ኢሳይያስ በእባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዝዟል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያስገኘው እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ጌታስ ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ከመዝሙር እየተጠቀሰ ሲነገረው ምን አደረገ? እምቢ አለ፤ አምላክን መፈታተን ነውና።

መና ከሰማይ ይወርድ ነበር፤ ሆኖም በየማለዳው ከድንኳኑ ወጥቶ መልቀም ያስፈልግ ነበር። እስራኤላውያን እንዲህ 40 ዓመት ኖሩ፤ የለቀመውን ሰው ግን እምነት የለህም ያለው የለም። ለብዙ ሰው የእግዚአብሔር ጥበቃ የሚደርሰው እንዲህ በየቀኑ፣ በትንሽ በትንሹ ነው። የማታዋ ኪኒንም ከዚሁ ትቆጠራለች።

ተረት፦ ለነገ መቆጠብ አለማመን ነው

እውነታ፦ ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የምርቱን አንድ አምስተኛ አከማችቶ ግብፅንም የገዛ ወገኖቹንም ከረሃብ አተረፈ። ያንን ጥበብ የሰጠው እግዚአብሔር ነው። ጌታ አትጨነቁ ሲል ዕቁብና ዕድር ትታችሁ ተቀመጡ ማለቱ አይደለም።

ተረት፦ ጸሎቱ የዘገየበት ሰው የተደበቀ ኃጢአት አለበት

እውነታ፦ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወገደለትም። ባልንጀራው ጥሮፊሞስንም በሚሊጢን ታሞ ትቶት ሄዷል። ማን ነው እነዚህን በኃጢአት የሚጠረጥር? ኢዮብን የጠረጠሩት ወዳጆቹ በመጨረሻ የተወቀሱት እነሱው ናቸው።

ጠበል የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ሂዱ፤ ለምትቆዩበት ቀን የሚበቃችሁን መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ። ጾሙ ከመድኃኒቱ ሰዓት ጋር ከተጋጨባችሁ ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። ተፈውሻለሁ ብላችሁ ብታምኑ እንኳ ሐኪም ሳያየው አንዲት ቀን አታቋርጡ፤ እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አይፈራም። «ጣሉት» የሚሏችሁ ሰዎች ስትታመሙ አጠገባችሁ እንደማይገኙ አይቻለሁና አትስሟቸው።