አንቴናው ጸጥ የሚልበት ወሰን

ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ካለው የኮንቴይነር ማራገፊያ ሆኖ ባሕር አይታይም። ሞምባሳ በባቡር 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ያም ሆኖ ቦታው እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የኬንያ ደረቅ ወደብ ነው፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ ሞምባሳ ላይ ከመርከብ የወረዱ ኮንቴይነሮች በአዲሱ የባቡር ሐዲድ እየተጫኑ ይገቡበታል። የሞጆን ደረቅ ወደብ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ አሠራሩ እንግዳ አይደለም። የነጋዴው ሐሳብ ያለው ኮንቴይነሩ ላይ ነው። ዕቃውን ይዞ ውቅያኖስ ያቋረጠው መርከበኛ ግን ሌላ ሐሳብ አለው፦ መርከቡ ወደ የብስ በተጠጋ መጠን ከቤተሰቡ ጋር የሚያገናኘው ኢንተርኔት ሊቋረጥበት ይችላል። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱ ግን በሕግ የተጻፈ ነው።

ከመርከቡ ማዘዣ ክፍል በላይ ትልቅ እንቁላል የሚመስል ነጭ ጉልላት ይታያል። ውስጡ ሞተር የሚያዞረው ዲሽ አለ። ማዕበሉ መርከቡን ወደ ግራ ሲያዘነብለው ዲሹ ወደ ቀኝ እየዞረ፣ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ሳተላይት አቅጣጫ እንዳይስት ራሱን ያስተካክላል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የማሪታይም አካዳሚ ሠልጥነው በውጭ አገር መርከቦች ላይ የሚቀጠሩ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ባለሙያዎቻችን እንዲህ ካሉ መሣሪያዎች ጋር ይውላሉ።

ጣጣው ያለው ሞገዱ ላይ ነው። መርከቡ ወደ ሳተላይቱ የሚልክባቸው ሁለት ዋና መደቦች፣ ማለትም ከ5,925 እስከ 6,425 ሜጋኸርዝ ያለው ሲ ባንድ እና ከ14 እስከ 14.5 ጊጋኸርዝ ያለው ኬዩ ባንድ፣ የመርከብ ብቻ አይደሉም። በብዙ አገሮች ስልክና ዳታ ከማማ ወደ ማማ የሚያሻግሩ የማይክሮዌቭ መስመሮችም ይሠሩባቸዋል። ለባሕር ዳርቻ የቀረበ መርከብ እንደልቡ ቢያስተላልፍ በየብስ ያለውን ግንኙነት ሊያውክ ይችላል።

ስለዚህ በ2003 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰበው የዓለም የሬዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ በውሳኔ ቁጥር 902 ወሰን አበጀ፦ ከባሕር ዳርቻ ለሲ ባንድ 300 ኪሎ ሜትር፣ ለኬዩ ባንድ 125 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ወዲያ ያለ መርከብ የባሕር ዳርቻውን አገር ሳይጠይቅ ያስተላልፋል። ከዚያ ወዲህ ግን አገሩ አስቀድሞ መስማማት አለበት። መሣሪያውም ከተፈቀደለት ክልል ሲወጣ ማስተላለፉን በራሱ እንዲያቆም ሆኖ መሠራት ይኖርበታል። በ2019 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ከፍ ላለው የካ ባንድ ተመሳሳይ ደንብ ሲወጣ ርቀቱ 70 ኪሎ ሜትር ሆነ።

የነፍስ አድን ጥሪ በዚህ ወሰን አይታሰርም። ኢንማርሳትና ኢሪዲየም የአደጋ ጥሪ የሚያስተላልፉት ለተንቀሳቃሽ የሳተላይት አገልግሎት በተመደበው በ1.6 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለው ሞገድ ነው። ወሰኑ የሚነካው የዕለት ኑሮን ነው፤ የልጅን ድምፅ መስማትን፣ ደመወዝ ቤት መድረሱን ማጣራትን፣ የታመመ ወላጅን መጠየቅን።

ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ የዋካሺዮን ታሪክ ያስታውስ። ሐምሌ 2020 ወደ ብራዚል ይጓዝ የነበረው ይህ የጃፓን ኩባንያ መርከብ ከሞሪሸስ ደሴት በ22 ኖቲካል ማይል ርቀት ሊያልፍ ታቅዶ ነበር። ርቀቱ መጀመሪያ ወደ 5፣ ቀጥሎም ወደ 2 ማይል ዝቅ ተደረገ፤ የመጨረሻው ለውጥ የሞባይል ኔትወርክ ለማግኘት ነበር። መርከቡ ከኮራል ድንጋዩ ጋር ተላተመ። 1,000 ቶን ገደማ ነዳጅ ፈሶ የዓሣ አጥማጆችን ኑሮ አናጋ፤ ካፒቴኑም እስራት ተፈረደበት። ለዚህ አደጋ ተጠያቂው የሞገድ ደንቡ አይደለም። አደጋው የሚያሳየው ከቤተሰቡ ተቆራርጦ የከረመ መርከበኛ አንዲት የኔትወርክ ምልክት ለማግኘት ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ነው።

ዓለም ይህን ዘግይቶም ቢሆን ተረድቷል። በ2022 የተሻሻለውና ማሻሻያው ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ የጸናው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ የመርከብ ባለቤቶች በተቻለ መጠን ለሠራተኞቻቸው ኢንተርኔት እንዲያቀርቡ፣ ካስከፈሉም ዋጋው ተመጣጣኝ እንዲሆን ይጠይቃል። ኬንያ ስምምነቱን በ2014 አጽድቃለች። አሁን ሁለት ሕጎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ አገናኙ ይላል፣ ሌላው ካልተፈቀደ አቁሙ ይላል።

ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። የየብሱን መስመር መጠበቅ ተገቢ ስለሆነ ወሰኑ ይጽና። ፈቃዱ ግን ለእያንዳንዱ መርከብ በየጊዜው የሚለመን መሆን የለበትም። የኬንያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ሆነ የጅቡቲ አቻው የትኛው ሞገድ በባሕር ዳርቻቸው በሥራ ላይ እንዳለ ያውቃሉ። ነጻ ለሆነው ክፍል በሳተላይት ኩባንያ ደረጃ አንድ ጊዜ ግልጽ ፈቃድ ቢሰጡ የሚጎዳ የለም። ኢትዮጵያም ባሕር ባይኖራት መርከብና መርከበኛ አሏት፤ በሬዲዮ ጉባኤውም እንደማንኛውም አባል አገር አንድ ድምፅ አላት። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለ2027ቱ ጉባኤ ሲዘጋጅ የእነዚህን ሰዎች ጉዳይ በአጀንዳው ውስጥ ሊያካትት ይገባል።