ስልኩ እምቢ ሲል አምቡላንስ በምን ይጠራል?

ሌሊት ነው። ዝናብ ይጥላል። ጎረቤታችሁ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። ስልክ ተነሣ፣ ተደወለ፤ መስመር የለም። እንግዲህ ምን ይደረጋል?

ሁሉም ደህና ሳለ፣ ዛሬ በቀን እንነጋገርበት። ከወለደች በኋላ ደም በብዛት የሚፈሳት እናት ካልታከመች በ2 ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። መስመሩ እስኪመለስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሆንም።

ለመሆኑ ስልኩ ለምን እምቢ ይላል? የእጅ ስልክ የሚነጋገረው ከፍታ ላይ ከቆመው የብረት ማማ ጋር ነው። ማማው መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ይቆያል፤ እሱም ሲያልቅ ዝም ይላል። ስለዚህ ስልካችሁን ብትነቀንቁት ዋጋ የለውም። ይልቅ አንድ ጎበዝ ስልኩን ይዞ ወደ ጉብታው ይውጣ፤ ከዚያ ሌላ ማማ ሊያገኝ ይችላል። ድምፅ አልሰማ ካለ በጽሑፍ ይላክ፤ አጭር ጽሑፍ በደካማ መስመርም ታልፋለች። ቢሆንም መልስ ካልመጣ ደርሷል ብላችሁ አትመኑ።

ይህ ሲሞከር መልእክተኛ በእግር ወይም በፈረስ ይነሣ። ጅቡም ወንዙም አለና ሌሊት አንድ ሰው ብቻውን አይላክ፤ ሁለት ይሁኑ። በእጃቸውም ወረቀት ይያዙ። የቃል መልእክት መንገድ ላይ ይለወጣል። «ደም አልቆመም» የተባለው «ትንሽ አሟታል» ሆኖ ይደርሳል። ፊደል የቆጠርነው ለዚህ ካልሆነ ለምን ኖሯል? እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦

«ከላይ ሰፈር። ማክሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተጻፈ። አንዲት እናት 7 ሰዓት ላይ ወለደች። የእንግዴ ልጁ አልወጣም፣ ደሙ አልቆመም። በቃሬዛ ይዘናት ወደ ድልድዩ ወጥተናል። መኪናው እዚያ ያግኘን።»

በቃ፣ ይህ ይበቃል። ወረቀቱን ግን ለዘበኛ ሰጥታችሁ እንዳትመለሱ፤ ለተረኛው ጤና ባለሙያ በእጁ ስጡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። መልእክተኛ ልኮ ደጅ ደጁን ያያል። አምቡላንስ ግን መኪና ነው፤ መንገድ በሌለበት አይመጣም። መልእክተኛው ሲወጣ ቃሬዛውም ይነሣ። ሴትዮዋ ተኝታ፣ ጋቢ ለብሳ፣ ሕፃኑም እንዳይበርደው ተሸፍኖ ወደ መኪና መንገዱ ጉዞ ይጀመር። በመንገዳችሁ ጤና ኬላ ካለ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቀስቅሷት።

ተሸካሚ በሌሊት እንዴት ይሰበሰባል? የእድሩ ጡሩምባ አለ። ጡሩምባ ለቀብር ብቻ ይነፋ ያለ ማን ነው? ከለቅሶ ጥሪ እንዲለይ ሦስት ጊዜ አጠር አጠር ተደርጎ ይነፋ ብላችሁ በእድሩ ስብሰባ ተስማሙ። ሳይስማሙ መንፋት ግን ሰፈሩን ያስደነግጣል እንጂ ተሸካሚ አያመጣም።

ቁጥሮችንም በስልክ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡ። ባትሪው ሲሞት ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል፤ ጎረቤት ስልክ ብትዋሱ ማንን ትደውላላችሁ? የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የወረዳውን አምቡላንስ ሾፌር፣ የጤና ጣቢያውንና የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቁጥር ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉና በር ላይ ለጥፉ።

ክረምት ወንዝ ሞልቶ በሚቆርጠው ሰፈር ግን መልእክተኛም ቃሬዛም አያልፍም። በዚያ ያለች ነፍሰ ጡር ወሯ ሲገባ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ ወዳለው የእናቶች ማቆያ ቀድማ ትሂድ። ልጆቹን ማን ይይዛል፣ ላሟን ማን ያልባል የሚለውን ከባሏና ከጎረቤቶቿ ጋር ወንዙ ሳይሞላ ትነጋገርበት።