የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ትግልና ነጥብ ቆጣሪ ደጋፊዎቹ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 2015 አዮዋ ሲቲ በሚገኘው ኪኒክ ስታዲየም 42,287 ሰዎች ተሰበሰቡ። ስታዲየሙ የአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳ ነው። የዚያን ዕለት ሕዝቡን የሳበው ግን ሜዳው ላይ የተነጠፈ የትግል ምንጣፍ ነበር። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ኦክላሆማ ስቴትን 18 ለ16 አሸነፈ። በዚህ ስፖርት አንድ ድል ለቡድን ከሦስት ነጥብ በታች አያስገኝም፤ ሁለቱን ቡድኖች የለያቸው ግን ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን የገባው ሰው የዩኒቨርሲቲ ትግል ደጋፊዎች ለምን እንዲህ እንደሚወዱት ይገባዋል።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚታገሉት በኦሎምፒክ በምናየው ሕግ አይደለም። በኦሎምፒክ ነጻ ትግል ሁለቱ ተፋላሚዎች መሬት ላይ ወድቀው ለውጥ ካልታየ ዳኛው ወዲያው ያስነሣቸዋል። በዩኒቨርሲቲው ትግል ግን ዋናው ሥራ የሚጀምረው መሬት ላይ ነው፤ ከላይ ያለው ይዞ ለማቆየት፣ ከታች ያለው ደግሞ ለማምለጥ ይታገላል። የዚህ ስፖርት ብሔራዊ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1928 በዚያው በአዮዋ ግዛት፣ ኤምስ ከተማ ነው።

አንድ ግጥሚያ ሰባት ደቂቃ ይፈጃል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ እንደገና ሁለት ደቂቃ። ተጋጣሚውን ከቆመበት ጥሎ የተቆጣጠረ ሦስት ነጥብ ያገኛል። ከያዘው እጅ ያመለጠ አንድ፣ ከሥር ሆኖ የገለበጠ ደግሞ ሁለት ነጥብ አለው። የተጋጣሚውን ጀርባ ወደ ምንጣፉ አዙሮ ያቆየ እንደ ቆይታው እስከ አራት ነጥብ ያገኛል። ሁለቱን ትከሻ ምንጣፉ ላይ አንድ ሰከንድ ያህል ያስተኛ ግን ግጥሚያውን እዚያው ጨረሰ፤ በ15 ነጥብ የበለጠም እንዲሁ። ለአዲስ ተመልካች ትልቁ ረዳት የዳኛው ክንድ ነው። በአንዱ እጁ አረንጓዴ፣ በሌላው ቀይ ማሰሪያ ያደርጋል፤ አረንጓዴው የባለሜዳው፣ ቀዩ የእንግዳው ነው። ነጥቡን ባገኘው ተፋላሚ ቀለም በኩል ያለውን እጁን አንሥቶ በጣቶቹ ያሳያል።

ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ሲገናኙ ከ125 እስከ 285 ፓውንድ፣ ማለትም በግምት ከ57 እስከ 129 ኪሎ፣ በአሥር የክብደት ምድብ አሥር ግጥሚያዎች ይካሄዳሉ። ተራ ድል ለቡድኑ ሦስት ነጥብ ያስገኛል። ልዩነቱ ስምንት ሲደርስ አራት፣ አሥራ አምስት ሲደርስ አምስት፣ ትከሻ ሲያስተኙ ደግሞ ስድስት ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ልምድ ያለው ደጋፊ የሚለየው። በስምንት ነጥብ እየተመራ ያለው ልጅ የማሸነፍ ተስፋው ተሟጧል፤ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች አምልጦ ከተነሣ ግን ልዩነቱ ሰባት ይሆንና ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያድናል። የማያውቅ ተሸናፊ ያየዋል፤ የሚያውቅ ከመቀመጫው ተነሥቶ ያጨበጭብለታል።

ይህ ስሌት በማርች ወር በሚካሄደው የሦስት ቀን ብሔራዊ ሻምፒዮና ይበልጥ ይጎላል። በየምድቡ 33፣ በድምሩ 330 ተፋላሚዎች ይገባሉ። አንዴ የተሸነፈ አይሰናበትም፤ በተሸናፊዎች በኩል እያሸነፈ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ሊወጣ ይችላል። በ2001 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንድም ልጅ ለፍጻሜ ሳያደርስ ዋንጫውን ወሰደ። አሥሩም ተፋላሚዎቹ በየምድባቸው ከመጀመሪያዎቹ ስምንት ውስጥ ገብተው ነበርና የሁሉም ነጥብ ሲደመር ከሌሎቹ በለጠ።

የደጋፊው ትዝታ በታላላቅ ስሞችም የተሞላ ነው። ዳን ጌብል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 181 ጊዜ ተከታትሎ አሸንፎ፣ በ1970 የመጨረሻውን ግጥሚያ በላሪ ኦዊንግስ ተሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሙኒክ ኦሎምፒክ አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት ወርቅ ወሰደ፤ በአሰልጣኝነቱም የአዮዋ ዩኒቨርሲቲን ለ15 ብሔራዊ ዋንጫ አበቃ። ኬል ሳንደርሰን ለአዮዋ ስቴት 159 ጊዜ ታግሎ አንዴም አልተሸነፈም፤ ዛሬ ፔን ስቴትን ገናና ያደረገው አሰልጣኝ እሱ ነው። የአዮዋው ስፔንሰር ሊ በ2021 ሻምፒዮን የሆነው የሁለቱም ጉልበቶቹ ጅማት ተበጥሶ ነው።

ደጋፊ ስፖርቱን ሲወድ ጥፋቱንም ማወቅ አለበት። በ1997 መጨረሻ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተፋላሚዎች ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ውሃ ከሰውነታቸው እያስወጡ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የላስቲክ ልብስና የእንፋሎት ክፍል ለክብደት መቀነሻነት ተከለከሉ፤ ሚዛኑም ወደ ግጥሚያው ሰዓት እንዲጠጋ ተደረገ። ሕጉ የመጣው በሦስት ወጣቶች ሕይወት ነውና ማንም ሊያላላው አይገባም። ደስ የሚያሰኘው ለውጥ ደግሞ የሴቶቹ ነው፤ በ2025 የሴቶች ትግል በብሔራዊ ሻምፒዮናነት ጸድቆ የመጀመሪያው ውድድር ለ2026 ተያዘለት።

በሚኒሶታ፣ በፔንሲልቬኒያ ወይም በኦሃዮ የምትኖሩ ወገኖች ይህ ስፖርት ደጃፋችሁ ላይ ነው። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ቡድኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚገናኙበት ወቅት ስለሆነ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አንድ የክብደት ምድብ መርጣችሁ ያንን ተፋላሚ ዓመቱን ሙሉ ተከታተሉ፤ የዳኛውን ክንድ እያያችሁ ነጥቡን ራሳችሁ ቁጠሩ። እየተመራ ያለው ልጅ በመጨረሻዎቹ ሰላሳ ሰከንዶች ምን እንደሚያደርግ በተለይ ተመልከቱ፤ ለቡድኑ የሚታገል ሰው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።